ይህ መኪና ዛሬ የማን ነው?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንኳ በር ሲንኳኳ ልቤ ድው ይላል። ባለቤቴ ይስቅብኛል። «አሁን ደግሞ የማን መኪና ተወሰደ?» ይለኛል ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ። እሱ ውሃ ክፍል ነበር የሚሠራው፤ ቧንቧ ቢፈነዳ ይጠገናል፣ ሰውም አመስግኖ ይሄዳል። እኔ ግን ሰው እየሣቀ የፈረመውን ወረቀት ይዞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ሲመጣ የምቀበል ሴት ነበርሁ።

ተፈጥሮዬም ለዚህ የተሠራ ነው፤ ምን እዋሻለሁ። በር ቆልፌ ከሄድሁ በኋላ ተመልሼ የምገፋ፣ ቡታጋዙን አላጠፋሁም ብዬ ከመንገድ የምመለስ ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ስመኝ ስጋት» ይሉኝ ነበር። ከኋላዬ የሚሉት መስሏቸው ነው እንጂ እሰማለሁ። ይበሉ!

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ባጃጅ በዱቤ ወሰደ፤ እልል አልን። ውሉን የት ፈረምህ ብለው፣ በስልኩ ነው አለኝ። ጽሑፉን ወደ ታች ሸርተት፣ ሸርተት አድርጎ መጨረሻው ላይ ያለችውን «ተስማምቻለሁ» የምትል ነገር ነክቷል። «ምን ይላል ታዲያ ውሉ?» ስለው «ኧረ አክስቴ፣ ማን ያነበዋል፣ ረጅም ነው!» ብሎ ሣቀ። እሱ ሣቀ፣ እኔ ደነገጥሁ። እኛ አንድ ሰው ቁጭ አድርገን ስናነብለት የምንውለው ነገር፣ አሁን ለካ በአውራ ጣት ያልቃል።

መጀመሪያ የተመደብሁት ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው መራዊ ነው፤ ውልና ማስረጃ ክፍል። ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ሽሮ የሚያስገዛ ነበር፤ ስለሱ ሌላ ምን ይወራል። ዕድሌ ያማረው በአለቃዬ ነው። ጋሽ አድማሱ ይባላሉ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ ኋላም ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ ሰው ናቸው። ውል ሲያነቡ ድርሳን የሚያነቡ ይመስል ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጀምራሉ፣ ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ቆም ይላሉ፣ የሰሚውን ዐይን ያያሉ፣ እንዳልገባው ከዐይኑ ካወቁ እንደገና ከላይ ይመለሳሉ።

ከማንበባቸው በፊት ግን ባለጉዳዩን «እስክሪብቶውን አስቀምጥልኝ፤ ማንም አይወስድብህም» ይሉት ነበር። ሰው ለመፈረም ቸኩሎ ነው የሚመጣው። እስክሪብቶውን ከያዘ ዐይኑ የሚፈርምበትን ቦታ ብቻ ይፈልጋል። ካስቀመጠ በኋላ ወንበሩ ላይ ደገፍ ይላል፣ ያን ጊዜ መስማት ይጀምራል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት አየሁ፤ እኔም እስክወጣ ድረስ እንዲሁ ሠራሁ።

ያኔ ሥራችን የቤት ሽያጭ፣ የውክልና፣ የከብት ዕርባታ ብድር ነበር። ኋላ የቆጋ መስኖ ውሃው ሲለቀቅና ገበሬው ድንችና ሽንኩርት በገፍ ማውጣት ሲጀምር የሚያጓጉዘው ጠፋ። ያን ጊዜ መኪና በዱቤ የሚያቀርቡ ድርጅቶች መጡ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድርጅቱ መኪናውን በራሱ ስም ይገዛና ለነጋዴው ይሰጠዋል። ነጋዴው እየሠራበት በየወሩ ይከፍላል። የመጨረሻውን ሲከፍል ሊብሬው በስሙ ይዛወርለታል። እስከዚያች ቀን ድረስ ግን የመኪናው ባለቤት ድርጅቱ ነው።

ሰው የማይሰማው ይህችን ነበር። እንዴት ይስማ! መኪናውን ጠበል አስረጭቷል፣ ሥዕለ ጊዮርጊስ መስተዋቱ ላይ ለጥፏል፣ ዘመድ አዝማድ ጠርቶ በግ አርዷል። ጋሽ አድማሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ «ይህ መኪና ዛሬ የማን ነው?» የሚል ነበር። አንድ የቆጋ ሰው ደረቱን ነፍቶ «የእኔና የጊዮርጊስ ነዋ!» አላቸው። እሳቸውም ሳይስቁ «ጊዮርጊስን ተወው፤ ፈረስ አለው። ሊብሬው የማን ነው?» አሉት። እኔ ሣቄን ለማፈን ከጠረጴዛ ሥር ወረቀት እንደወደቀበት ሰው ጎንበስ አልሁ።

ከዚያ ሌሎቹ ጥያቄዎች ይከተላሉ። አንድ ወር ባትከፍል ምን ይሆናል? ሊወስዱት ሲመጡ አስቀድመው በጽሑፍ ሊያስጠነቅቁህ ይገባል ወይስ ዝም ብለው ይጎትቱታል? ቢሸጡትና ከዕዳህ ቢተርፍ ትርፉ ለማን ነው? ሞተሩ ገና በወሩ ነክሶ ቀጥ ቢል የምትከሰው ሻጩን ነው ድርጅቱን? የውሉ ቅጂ እጅህ ገብቷል? ባለጉዳዩ በራሱ አፍ እስኪመልስ ድረስ አይለቁትም። ሚስቱ ወይም ወንድሙ ከጎን ቢመልስለት «አንተን አይደለም» ይሉታል። የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ «ከሰማኸው ውስጥ የትኛው አስፈራህ?» የሚል ነበር። «ኧረ ምንም አላስፈራኝ» ያለ ሰው ያን ቀን አይፈርምም። «እንግዲያው አልገባህም። ነገ ተመለስ» ብለው ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል። ሰው ይቆጣል፣ ይማረራል፣ ለበላይ እከስሳለሁ ይላል። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲሳቅበት የኖረ ፍርሃቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ።

ጋሽ አድማሱ ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሠፈር ቤት ሠርተው ገቡ። ብዙም ሳይቆይ እኔም ወደ ባሕር ዳር ተዛወርሁ፤ የሸማቾች አቤቱታ ክፍል። የተበላሸ ዘይት፣ የተጭበረበረ ሚዛን፣ ዋስትናው ያልተከበረ ፍሪጅ ነበር ሥራችን። እኔ ግን በመኪና ዱቤ የሚበደሉትን እረዳለሁ ብዬ ነበር የሄድሁት። አዲሱ አለቃዬ በሕግ የተማረ፣ ትክክለኛ ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም። የመጀመሪያውን የሚኒባስ አቤቱታ ይዤለት ስገባ አነበበና መለሰልኝ።

«ስመኝ፣ ሕጉ ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ነው። ይህ ሰው በመኪናው ይሠራበታል። ነጋዴ ነው።»

«ባለ አንድ ሚኒባስ ነው እኮ! እሱም የእሱ አይደለም።»

«ቢሆንም ነጋዴ ነው። ማግባባት ትችያለሽ፤ ማዘዝ ግን አንችልም።»

እንግዲህ አስቡት። ትልቁ ነጋዴ ጠበቃ አለው። ሸማቹ እኛ አለን። ባለ አንድ ባጃጁ፣ ባለ አንድ አይሱዙው መሀል ላይ ቀረ። የሱ መብት የተጻፈው የፈረመው ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አላነበበውም። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነው በር በተንኳኳ ቁጥር መደንገጥ የጀመርሁት።

ያ የመጀመሪያው ሰው ታከለ ይባላል፤ የሚኒባስ ሾፌር። ጎማና ባትሪ ባንድ ላይ አልቀውበት ክፍያ አዘገየ። እንደ አገራችን ደንብ ወደ ድርጅቱ ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ አድማሱ ነበሩ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ቢንያም ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ክራቫቱ የማይጣመም። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ብድግ አለ። እነሱም እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። «ኧረ ስለ እናንተ ብዬ ታግሻለሁ፣ ይቀመጡ» አለ። ተቀመጡ፣ መረቁት፣ ወጡ። ታከለ ለእኔ ደውሎ «እትዬ፣ አለቀ! ታገሡኝ!» ብሎ በደስታ ጮኸ።

በወረቀት ሰጡህ ወይ አልሁት። «እንዴት ተደርጎ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰው «እሺ» ብሎ፣ ተመርቆ፣ አሜን ካለ በኋላ በል ጻፈው ማለት ውሸታም ነህ ማለት ነው። ደፋር ነው የሚያሰኝ። በእኛ አገር ማን ይህን ያደርጋል?

ብዙ ሳይቆይ ሚኒባሱን ተሳፋሪ እንደጫነ መናኸሪያው በር ላይ ወሰዱት። ተሳፋሪውን አውርደው፣ ቁልፉን ከእጁ ተቀብለው። አቶ ቢንያም ፊቴ ቁጭ ብሎ «እኔ ሽማግሌዎቹን አክብሬ ነው የታገሥሁት፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ግን የሚያየው ውሉን ነው። ውሉ አልተለወጠም» አለኝ። ዐይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። አለቃዬንም ጠየቅሁ፤ በጽሑፍ የተደረገ ውል በጽሑፍ ነው የሚሻሻለው አለኝ። ሚኒባሱ ተሸጠ። ታከለ አሁን ሐይቁ ዳር የሰው መኪና ያጥባል፤ ሲያየኝ ባልዲውን ይዞ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞራል።

ጋሽ አድማሱ ከዚያ ወዲህ ሽምግልና ጥሩኝ አትበሉ አሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ ጥግ ይዘው ነበር የሚቀመጡት። «ስንት ዓመት ሙሉ ሰውን አስፈርሜ፣ አንድ ቀን እኔ ማስፈረም ሲገባኝ አፈርሁ» አሉኝ አንዴ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ሙሉ የምትባል ሴት መጣች። ሙሉ የባሕር ዳር ዳርቻ፣ የሰባታሚት ልጅ ናት። ከመሬት ላይ ቲማቲም በመደብ ከመሸጥ ተነስታ አይሱዙ በዱቤ እስከ መውሰድ የደረሰች፣ ራሷ የምትነዳ ሴት ናት። ባሏ መምህር ነው፤ የመምህርን ደመወዝ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቤቱ የሚቆመው በዚያ መኪና ነው። መንገድ ተዘግቶ የከረመ ጊዜ መኪናው ቆመ፣ ክፍያውም ቆመ። ከዚያ መንገዱ ተከፍቶ ገና አንድ ጭነት ሳታነሳ፣ አንድ ማለዳ ከደጇ ወሰዱት። የወሰደባት ያው የታከለው ድርጅት፣ ሥራ አስኪያጁም ያው አቶ ቢንያም።

«እስክሪብቶውን አስቀምጪ ያለሽ ሰው አልነበረም?» አልኋት ሳላስበው።

«ምን?»

«ውሉን ማን አነበበልሽ?»

«ማንም። ልጁ 'እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም' እያለ በጣቱ አሳየኝ። ፈረምሁ። ቅጂም አልሰጡኝ።»

ቅጂውን አስመጣሁ፤ ይህን እንኳ አልከለከሉኝም። ውሉ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት ያስገድዳል። ሰጥታችኋል ወይ ስል በስልክ መልእክት ልከናል አሉ። ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመበት ሰሞን! እናቷ ብትሞት እንኳ የማትሰማበት ሰሞን! ፍርድ ቤት ብትሄድ ልትረታ ትችላለች፤ አለቃዬም እንዲያ ነው ያለው። ችግሩ መኪናው ለሐራጅ ወጥቷል፣ ማስታወቂያው የድርጅቱ በር ላይ ተለጥፏል። ፍርዱ ሲመጣ መኪናው የሰው ይሆናል። በዚያ ላይ የቆጋ ገበሬዎች ድንቻቸውን ቆፍረው እሷን ነው የሚጠብቁት። ካላነሳችላቸው ለሌላ ይሸጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያምናታል?

ሙሉ እንባ አልነበራትም። ጉንጯን ብቻ ትነክስ ነበር። «እትዬ፣ ሽማግሌ ልላክ?» አለችኝ። እኔ ታከለን አሰብሁና «ቆይ» አልኋት።

ጋሽ አድማሱ ቤት ሄድሁ። ሲያዩኝ ገና ገባቸው። «አይሆንም» አሉ። «ታከለን አላየሽውም?»

«አይቻለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«ምን ልታደርጊኝ? ያ ልጅ እንደሆነ 'እሺ' ይላል። 'እሺ' ማለት አይከብደውም። ከዚያ እኔ እንዴት ብዬ ነው...» አቋረጡና ጉልበታቸውን በእጃቸው ያሹ ጀመር። ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል። ተነሥቼ ልሄድ ስል «ወረቀት መጠየቅ ነውር የሚሆነው ከተቀመጥን በኋላ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው። «ሳንቀመጥስ?»

በማግስቱ ሄድን። እሳቸው፣ የሙሉ የንስሐ አባት ቄስ ሞገስ፣ ሙሉና እኔ። እኔ ወረቀት አንባቢ ተብዬ ነው የሄድሁት። ቢቆጣስ? ቢያስወጣንስ? ሐራጁን ቢያፈጥነውስ? ባጃጁ ውስጥ ይህን ሁሉ ለሙሉ ስዘረዝርላት ቄስ ሞገስ «ልጄ፣ እስቲ ተይ፣ እኔንም አስፈራሽኝ» አሉኝ።

አቶ ቢንያም እንደ ድሮው ብድግ አለ። መስቀል ተሳለመ። ወንበር ሳበ። ጋሽ አድማሱ ጉዳዩን ተናገሩ፤ መኪናው እንዲመለስላት፣ ሐራጁ እንዲቆም፣ ያልተከፈለው ወደ ፊት እንዲገፋ። እሱም ብዙ አላንገራገረም። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና «እሺ አባቴ፣ እታገሣለሁ። ይቀመጡ» አለ።

ቄስ ሞገስ ሊቀመጡ ጎንበስ ብለው ነበር። ጋሽ አድማሱ እንደቆሙ ሲያዩ እንደገና ቀጥ አሉ።

«ጽፈህ ማኅተም ስታደርግበት እቀመጣለሁ» አሉ ጋሽ አድማሱ።

የአቶ ቢንያም ፊት ቀላ። «ቃሌን አላመኑትም ማለት ነው?»

ይኸው፣ አልሁ በሆዴ፤ አበቃልን።

«አንተን አምኜሃለሁ ልጄ» አሉት። «አንተ ግን ነገ ከዚህ ወንበር ብትነሳስ? አዲስ የሚመጣው ሰው ያንተን ቃል የት ያገኘዋል? ይህችን ልጅ 'ማን ታገሠሽ?' ሲላት ምን ታሳየው?»

አቶ ቢንያም አያቸው። እኔንም አየኝ። ታከለን እንዳስታወሰ እምላለሁ፤ ዐይኑ ላይ አየሁበት። ስልኩን አንስቶ አዲስ አበባ ደወለ። መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ሲያወራ፣ ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል፣ እኔ ሐረጎቹን ለመስማት አንገቴ ተቀጨ። «...አይ፣ ማስጠንቀቂያው አልደረሳትም... አዎ፣ ክስ ብትመሠርት... ገባኝ ጌታዬ... እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።» ዘጋና ጸሐፊዋን ጠርቶ ማጻፍ ጀመረ።

የጋሽ አድማሱ ቀኝ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሱሪያቸው ላይ ይታያል። ወንበሩን ቀስ ብዬ ከኋላቸው አስጠጋሁት። ዞር ሳይሉ «ስመኝ፣ ወንበሩን አርቂልኝ፤ ይፈትነኛል» አሉ።

ወረቀቱ መጣ፤ አነበብሁት፣ ጮክ ብዬ፣ እሳቸው እንዳስተማሩኝ። መኪናው ይመለሳል፣ ሐራጁ ቀርቷል፣ ያልተከፈለው ከውሉ መጨረሻ ይቀጠላል። ደስ ብሎኝ ወደ ታች ስወርድ ግን «ድርጅቱ ይህን ውሳኔ በፈለገ ጊዜ ሊያነሳው ይችላል» ይላል። ቆም አልሁ። ጋሽ አድማሱ «ሙሉ፣ ምን አለሽ አሁን?» አሏት።

«ነገ መጥተን እንወስደዋለን አለኝ» አለች ሙሉ።

«ገብቷታል» አሉ ለአቶ ቢንያም። «እኔም ቆሜያለሁ።»

እሱም እስክሪብቶ አንስቶ ያችን መስመር ሰረዘና እንደገና አጻፈ። ይህን ክብሩን አልነጥቀውም። አሁን ማኅተም ቀረ። ማኅተሙ ያለው ገንዘብ ያዥዋ ጋ ነው። ገንዘብ ያዥዋ ምሳ ወጥታለች! ወይ አምላኬ! ቄስ ሞገስ ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመሩ። አቶ ቢንያም ራሱም አልተቀመጠም፤ እሳቸው ቆመው እሱ መቀመጥ ነውር ሆነበት። ሁላችን ያችን ጠባብ ቢሮ ሞልተን፣ ባዶ ወንበሮች ከበን ቆምን። ሙሉ አንዴ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት፣ አንዴ የጋሽ አድማሱን እግር ታያለች። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። ቢወድቁ ነገሩ ሁሉ ከሳቸው ጋር እንደሚወድቅ ታወቀኝ፤ አምቡላንስ፣ ጩኸት፣ «ሌላ ቀን ኑ»፣ ከዚያ ሐራጅ። ክንዳቸውን ይዤ ቆምሁ። አልከለከሉኝም።

ገንዘብ ያዥዋ ጥርሷን በስንጥር እየጎረጎረች ስትገባ ሁላችን ባንዴ ዞርንባት። ደንግጣ ወደ ኋላ ልትመለስ ነበር።

ማኅተሙ ሲመታ ጋሽ አድማሱ ቁጭ አሉ። የጉልበታቸው ድምፅ ተሰማ። «ይባርክህ፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ ወንበርህን ያጽናልህ» ብለው መረቁት። አሜን አልን። አቶ ቢንያም ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ደክሞትም ሊሆን ይችላል።

ግቢው ውስጥ አይሱዙው አቧራ ለብሶ ቆሟል። ሙሉ ዘላ ገባች፣ ቁልፉን አዞረች። ዝም። እንደገና አዞረች። ባትሪው ሞቷል፤ ቆሞ ከረመ አይደል? ሙሉ ራሷን መሪው ላይ ጣለች። እኔ «ቀረ፣ ቀረ፣ ይህም ምልክት ነው» ማለት ጀመርሁ። ዘበኛው መጣ፣ ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ኪሳቸው ከተው ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ አቶ ቢንያም ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ከኋላ ተጠጋ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገፋሁ። ጋሽ አድማሱ ከበረንዳው ወንበር ላይ ሆነው «በሁለተኛ ማርሽ! በሁለተኛ!» ይላሉ፤ በሕይወታቸው መኪና ነድተው አያውቁም። በሩ ጋ ስንደርስ ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ለቀቀብንና ተነሳ።

ሙሉ አላቆመችም። ወደ ኋላም አላየች። ሞተሩ እንዳይጠፋባት ነው፤ ሰውም ሐሳቡን እንዳይለውጥባት ይመስለኛል። የመራዊን መንገድ ይዛ ተፈተለከች። እኛ ጭስ ጠግበን፣ እየሣቅን ቆምን። አቶ ቢንያም እጁን እያራገፈ «ወረቀቷንስ ይዛለች?» አለ።

ወረቀቱ በእኔ እጅ ነበር።

ሣቁ ከፊቴ ላይ ረገፈ። መኪናውን ሲይዙት ታርጋውን ለየኬላው አስታውቀው ነበር፤ እገዳው መነሳቱን የሚናገረው ያ ወረቀት ብቻ ነው። አቶ ቢንያም ስልኩን ይዞ ወደ ቢሮው ሮጠ። እኔ ጫማዬን በእጄ እንደያዝሁ ያገኘሁት ባጃጅ ላይ ዘለልሁ። «ያንን አይሱዙ ድረስበት!» «የትኛውን?» «ሂድ ዝም ብለህ!» ልጁ ያበድሁ መስሎት ይሆናል፤ ግን ሮጠ። ጭነት መኪና ባየሁ ቁጥር «እሱ ነው!» እላለሁ፤ አይደለም። እዚያች ባጃጅ ውስጥ ያሰብሁትን ክፉ ነገር ሁሉ ብጽፈው ወረቀት አይበቃም።

መውጫው ኬላ ላይ ሰልፍ ነበር። ከፊቷ አንድ መኪና ብቻ ሲቀር ደረስሁባት። ባዶ እግሬን አስፋልቱ ላይ ሮጬ፣ የመኪናውን ደረጃ ረግጬ ወጥቼ በመስኮቱ ወረቀቱን ሰጠኋት። አየችው፣ ማኅተሙን አየች፣ እጥፍ አድርጋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ሞተሩን አላጠፋችም።

«ሙሉ፣ ስሚኝ፤ ቅጂ አስነሺ። አንዱን ቤት፣ አንዱን መኪናው ውስጥ። ከዚህ ወዲያ በየወሩ ስትከፍዪ ደረሰኝ ሳትቀበዪ እንዳትወጪ። የስልክ መልእክት ቢመጣ እንኳ...»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

«እስቲ ምን ምን እንዳልሁሽ ንገሪኝ።»

ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ። ተቆጣጣሪው ወደፊት ቅረቢ ብሎ እጁን ያወዛውዛል። ሙሉ አየችኝ፤ ያን ሁሉ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«እትዬ ስመኝ፣ ሰው ድንቹን ፀሐይ ላይ አስጥቶ እየጠበቀኝ ነው» አለችኝ። «እጅዎን ከመስኮቱ ያንሡልኝ።»

ለካ መስኮቱን በሁለት እጄ ጨብጬዋለሁ። ለቀቅሁላት።